በሁለት ጣት የሚነሳ ብስክሌት

ሞሬና ካፔሌቲ የሚባለውን ፓስታ ስትጠቀልል እጆቿ ዓይን የሚያስፈልጋቸው አይመስሉም። ስሱ ሊጥ በትንንሹ ይቆረጣል፣ መሐሉ ላይ አይብ ጠብ ይደረጋል፣ ጫፍና ጫፉ ይገናኛል፤ ከዚያ በሌባ ጣት ላይ ዞሮ ሲጫን አንዲት ባርኔጣ የመሰለች ፓስታ ዱቄት የተነሰነሰበት ጠረጴዛ ላይ ዱብ ትላለች። ከጧት እስከ ማታ ሥራው ይኸው ነው፤ የሚሠራውም ቆሞ ነው። ያን ሰሞን ግን እጆቿ ሲጠቀልሉ እግሮቿ ከጠረጴዛው ሥር ሌላ ሥራ ይዘው ነበር። ተረከዟን ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ ታደርጋለች።

«ኧረ ጠረጴዛው ተንቀጠቀጠ!» ትላታለች ከፊት ለፊቷ የቆመችው ቲዚያና። «ፓስታ ነው የምትጠቀልዪው ወይስ ዳገት ነው የምትወጪው?»

«ሁለቱንም።»

«እንግዲያው ባርኔጣዎቹን ቁልቁል እንዳትለቂያቸው።»

ይስቃሉ። ሁለቱ ሴቶች በሳን ዜኖ መንደር ተወልደው፣ በሳን ዜኖ አንድ ጎዳና አድገው፣ በአንድ ፓስታ ቤት ጠረጴዛ ፊት ለፊት ተያይተው ፀጉራቸው የሸበተ ናቸው። ቲዚያና ልጅ ሳለች እናቷ ሥራ ስትውል ምሳዋን የምትበላው እነሞሬና ቤት ነበር። የሞሬናን እናት፣ ዲርቼን፣ «እማማ» ብላ ነው የጠራቻት እስከ መጨረሻው።

ዲርቼ ያረፈችው ወይኑ ተለቅሞ ባለቀበት ወር፣ በገዛ አልጋዋ ላይ፣ መስኮቷ ተከፍቶ ነው። ሆስፒታል ሳትገባ በቤቷ የመሞቷ ምስጢር አንዲት ነርስ ናት። በትንሽ ነጭ መኪና ጧት ጧት እየመጣች ሕመሙን ታስታግስላት፣ ታጥባት፣ ፀጉሯን ታበጥርላት ነበር። ነርሷን የሚልኳት ሰዎች የሚኖሩት በምጽዋት ነው። ምጽዋቱ የሚሰበሰበው ደግሞ በየዓመቱ በሰኔ፣ ከባሕሩ ዳር ተነስቶ ተራራውን አቋርጦ ወዲያ ማዶ በሚወርድ የሁለት ቀን የብስክሌት ጉዞ ነው። ብስክሌተኛው ይለፋል፣ ጎረቤቱ ስለ ልፋቱ ይሰጣል።

በዚያ ጉዞ ላይ አንድ ልማድ አለ። እያንዳንዱ ሰው የሟቹን ስም የጻፈበት ነጭ ጥብጣብ ደረቱ ላይ ይዞ ይወጣል። ፋጆላ የሚባለው መተላለፊያ ጫፍ ላይ፣ ከአንዲት ትንሽ የጸሎት ቤት አጠገብ የብረት አጥር አለ፤ ጥብጣቡ የሚታሰረው እዚያ ነው። የሚያስረው ግን ከዳገቱ ሥር እስከ ጫፉ እግሩን መሬት ሳያስነካ፣ በገዛ ጉልበቱ የወጣ ብቻ ነው። እግሩን ያወረደ ጥብጣቡን አልፎ ለሚሄድ ሰው ያቀብላል፤ ያም ይቀበላል፣ ያስርለታል። ዳኛ የለውም፤ የሚቆጣጠርም የለም። ባለ ሞተር ብስክሌት እንኳ አይከለከልም። ልባቸው የደከመ፣ ዕድሜ የተጫናቸው በሞተር ይመጣሉ፣ ሰው ያጨበጭብላቸዋል፤ ከዳገቱ ሥር ሲደርሱ ጥብጣባቸውን ለሌላ ሰጥተው እየሳቁ ይወጣሉ። ማንም አይንቃቸውም።

ሞሬና እናቷን በቀበረች በሳምንቱ «እኔ በገዛ እግሬ ወጥቼ አስርላታለሁ» አለች። ሌላ ነገር አልተመኘችም። ወንድም የላት፣ እህት የላት፣ ባሏም ቀድሞ ሄዷል፤ የእናቷን ስም የሚያስርላት ሰው እሷው ብቻ ናት።

«ብቻሽንማ አትሄጂም» አለች ቲዚያና። «እናትሽ የኔም እናት ናት። እኔም የአባቴን ይዤ እመጣለሁ። አብረን እንለማመዳለን፣ አብረን እንወጣለን።»

ሞሬና ያን ቀን አቅፋት አለቀሰች።

ልምምዱ ቀላል አልነበረም። ሥራው ቀኑን ይበላዋል። የሚቀራቸው ገና ሳይነጋ ያለችው ጊዜ፣ የምሳ ሰዓት፣ አመሻሹና እሑድ ነው። በብርዱ ወራት ሜዳውን ጭጋግ ሲውጠው ከፊት ያለው መብራት እንጂ ሰው አይታይም። ከቦዩ ዳር ዳር፣ በተራቆቱት የኮክ ዛፎች መሐል አድርገው ወደ ኮረብታው ይነዳሉ። ፊታቸው በርዶ፣ ጣታቸው ደንዝዞ ሥራ ሲገቡ ሊጡ ይሞቃቸዋል። መጀመሪያ ላይ ሁለቱም እኩል ደካሞች ነበሩ። እንዲያውም ቲዚያና ወደ ኋላ ትቀር ነበር። «ቆዪኝ እንጂ፣ ባቡር ሊያመልጥሽ ነው?» እያለች ትጮሃለች፤ ሞሬናም ቆማ ትጠብቃታለች።

ከጥምቀት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ። ቲዚያና ብስክሌቷን እጅጌው ሁልጊዜ ቅባት ወደሚጠግበው ወደ ሽማግሌው ብስክሌት ጠጋኝ ወደ ጉዌሪኖ ወስዳ በአዲስ ቀለም አሳምራ መጣች። ቸርኬውን ቀየርኩት አለች። ከዚያን ቀን ወዲህ ኮረብታው ሥር ሲደርሱ ትቀድማለች። ትቀድማለች ብቻ አይደለም፣ እየዘፈነች ነው የምትወጣው። ሞሬና ከታች ሆና ድምጿን ትሰማለች፤ ልቧ አፏ ውስጥ ሲመታ፣ ጓደኛዋ በዚያ ዳገት ላይ የሠርግ ዘፈን ትዘፍናለች። ጫፉ ላይ ስትደርስ ቲዚያና ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ደረቅ በለስ እየበላች ታገኛታለች።

«ነይ እንጂ አሮጊት! በለሱ አለቀ።»

«አንቺ ሳንባሽ የማን ነው?» ትላታለች ሞሬና፣ ትንፋሿ እየተቆራረጠ።

«የበሬ። የእንስሳ ሐኪሙ ሰጠኝ።»

በዚያ አገር ሰው የሌላ ሰው ብስክሌት ሲያይ ከሰላምታ በፊት የሚያደርገው ነገር አለ፤ ከኮርቻው ሥር በሁለት ጣቱ ይዞ ብድግ ያደርገዋል። ቀላል ከሆነ ያፏጫል፣ ከባድ ከሆነ ያሾፋል። ነውር የለበትም፤ የልጅን ጉንጭ እንደ መቆንጠጥ ነው። የቲዚያናን ብስክሌት ግን ማንም እንዲያነሳ አትፈቅድም ነበር። «ከጉዞው በፊት እጅ ከነካው ገዱ ይጠፋል» ትላለች። ሰውም ይስቅና ይተዋታል። ሞሬናም ሳቀች፣ ተወች። ጓደኛን ማን ይመዝናል?

ወራቱ በዚህ አለቀ። ሞሬና ጓደኛዋ ላይ ለመድረስ ያላደረገችው የለም። ከንጋት ቀድማ ብቻዋን ኮረብታውን ትወጣለች። ማታ ከሥራ ወጥታ፣ ቁርጭምጭሚቷ በመቆም ብዛት አብጦ፣ እንደገና ትወጣለች። ከባዱን ማርሽ መግፋት ለመደች፣ ምክንያቱም ቲዚያና እሱን ነው የምትገፋው። ራት በላች አልበላች ትረሳለች። ኮኩ ሲያብብ፣ ሜዳው ሁሉ ሐምራዊ ሲሆን፣ እሷ የምታየው የፊት ጎማዋንና ከፊቷ የሚርቀውን ጀርባ ብቻ ነበር።

አንድ ቀን ብስክሌቷን ለማሠራት ስትሄድ ጉዌሪኖ ካቴናውን ነክቶ ቀና አለና አያት።

«ልጄ፣ ይሄን ማርሽ ለምን ትገፊዋለሽ? ጉልበትሽን ትጨርሺዋለሽ።»

«ቲዚያና ትገፋው የለም እንዴ?»

ሽማግሌው ወደ ካቴናው ተመለሰ። «አንቺ የራስሽን ጎማ ተመልከቺ» አለ፤ ሌላ አልጨመረም።

ከሁሉ የባሰው ግን እሑድ ዕለት ዳገቱ መሐል ላይ የሆነው ነው። ሞሬና ቆመች፤ እግሯን አወረደች። ቲዚያና ከላይ ተመልሳ ወርዳ አጠገቧ መጣች። ላብ እንኳ አላላባትም። ትከሻዋን መታ መታ አድርጋ፣ በፍቅር ድምፅ፣ «ጨክኚ እንጂ። ለእናትሽ ብለሽ ጨክኚ» አለቻት።

ይህች ቃል ሞሬና ሆድ ገብታ ቀረች። ጠረጴዛው ላይ ባርኔጣ ስትጠቀልል ታስባታለች። ዕድሜያችን አንድ፣ ሥራችን አንድ፣ እህላችን አንድ፤ እሷ የምትዘፍንበት ዳገት እኔን የሚገድለኝ ምን ቢጎድለኝ ነው? እናቴን ከሷ ያነሰ ወድጄ ይሆን? ማታ ማታ የእናቷን ባዶ አልጋ እያየች ይቅርታ መጠየቅ ጀመረች። ሰው ለሌለበት ጥፋት ይቅርታ ሲጠይቅ እንደማየት የሚያሳዝን ነገር የለም።

ግንቦት ሲጋመስ ቀኝ ጉልበቷ አበጠ። ሐኪሙ ነካክቶ፣ «እዚህ ድረስ ያደረስሽው ምን አሳዶሽ ነው?» አለና ዳገት ከለከላት። ሞሬና በማግሥቱ ሥራ ቦታ፣ በዱቄት እጇ፣ ጥብጣቡን ከደረቷ አውጥታ ጠረጴዛውን አሻግራ ሰጠች። ዲርቼ የሚለው ስም በእጇ የተጠለፈበት ነው።

«አንቺ እሰሪላት። አንቺ ትችያለሽ።»

ቲዚያና እንባ አቀረረች። ጥብጣቡን ሳመችና፣ «በእማማ ዲርቼ ነፍስ እምልልሻለሁ፣ እግሬ መሬት አይነካም» አለች።

ይህ በሆነ በጥቂት ቀን፣ ከምሳ በኋላ፣ ድንገተኛ ዝናብ ጣለ። ቲዚያና ውስጥ ስልክ እያነጋገረች ነው። ብስክሌቶቹ ግቢው ግድግዳ ላይ ተደግፈዋል። ሞሬና እያነከሰች ሮጣ ወጣች፤ በአንድ እጇ የራሷን፣ በሌላው የቲዚያናን ይዛ ወደ ጣሪያው ሥር ልታስገባ ብድግ አደረገች። የራሷ ተነሳ። የቲዚያና አልተነሳም።

ዝናቡ እየመታት ቆመች። የራሷን አስቀምጣ በሁለት ጣቷ እንደገና ሞከረች። ውሃ እንደሞላ እንስራ ይከብዳል። ጎንበስ ብላ አየችው፤ ሲያዩት ቀጭን፣ ያማረ፣ ምንም የሌለበት ነው። መሪው ላይ በተጠቀለለው ጨርቅ ሥር ጣቷ አንዲት እብጠት አገኘች። ኋላውን ከመሬት በትንሹ አንስታ ተጫነቻት። የኋላ ጎማው ማንም ሳይነካው መዞር ጀመረ። ንብ ቀፎ ውስጥ ስትሆን የምታሰማውን የመሰለ ስስ ድምፅ ከኮርቻው ሥር ካለው ቱቦ፣ ሞተሩ ከተደበቀበት ይሰማል።

ሞሬና ያኔ ዘፈኑ ለምን እንደነበረ ገባት። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ይባላል፤ ይኸኛው ግን መጣል ብቻ አይደለም፣ ከላይ ሆኖ በለስ ይበላል።

ቲዚያና በሩ ላይ ቆማ ነበር። ጎማው ሲዞር አየች።

«ዝናቡ እየመታሽ ነው» አለች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ግቢ በመጀመሪያ፣ ትታመሚያለሽ...»

«ቲዚያና። ከመቼ ጀምሮ?»

«ከጥምቀት።»

«እንዲያ ስትዘፍኚ...»

«ሞሬ፣ ስሚኝ። ወደ ኋላ እየቀረሁ ነበር። ብቻሽን ልትሄጂ ነው ብዬ ፈራሁ።»

«ሞተር አልተከለከለም! ገልጠሽ ብትመጪ ማን ይስቅብሽ ነበር?»

ቲዚያና መሬት መሬት አየች። ስትናገር ድምጿ የልጅ ድምፅ ሆነ። «ትዝ ይልሻል፣ በቦዩ ዳር ስንሮጥ? ሁልጊዜ አንቺ ነሽ የምትቀድሚው። በትምህርት ቤትም፣ በሥራም፣ በእናትሽ ዘንድም። አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከላይ ሆኜ ልጠብቅሽ ፈለግሁ።»

«ቀደምሽኝ ብዬ አይደለም የከፋኝ» አለች ሞሬና፣ ፀጉሯ ፊቷ ላይ ተለጥፎ። «ለእናትሽ ብለሽ ጨክኚ አልሽኝ። ሞተር ላይ ተቀምጠሽ። እኔ እኮ እናቴን አልወደድኳትም ይሆን እያልኩ ነው የከረምኩት።»

ሞሬና እጇን ዘረጋች፤ ቲዚያናም ጥብጣቡን ከደረቷ አውጥታ ሰጠቻት።

አመሻሹ ላይ ሞሬና ጉዌሪኖ ዘንድ ሄደች። ሽማግሌው ፊቷን አይቶ መፍቻውን አስቀመጠ።

«እርስዎ ነዎት የገጠሙላት።»

«እኔ ነኝ።»

«ጉልበቴ ሲያልቅ እያዩ ዝም አሉኝ።»

«የደንበኛ ነገር ነው ልጄ። እዚህ ቤት የሚገባ ብስክሌት እንደ ኑዛዜ ነው፣ አይወራም። ደግሞ የራስሽን ጎማ ተመልከቺ አላልኩሽም?»

«እሱ ምክር ነው። እኔ እውነት ነበር የሚያስፈልገኝ።»

ጉዌሪኖ እጁን በጨርቅ መጥረግ ያዘ፤ እጁ ከጠራ በኋላም መጥረጉን አልተወም። በመንደሩ ካፌ ውስጥ ወሬውን የሚያውቁ ሌሎችም እንደነበሩ ሞሬና ከዝምታው ተረዳች። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው።

ለማንም አልተናገረችም። የጓደኛዋን ገበና በጠረጴዛው ላይ አልዘረጋችም። ለቲዚያና ለራሷ ብቻ፣ ባርኔጣ እየጠቀለለች፣ ቀና ሳትል፣ «ገልጠሽ ነይ። ጥብጣብሽን ከሥር ለሌላ ስጪና በሞተርሽ ውጪ። ያኔ እኔና አንቺ ሰላም ነን» አለቻት። ቲዚያናም «እሺ» አለች።

ሞሬና ሐኪሙን አልሰማችም። ጉልበቷን በጨርቅ ጠቅልላ፣ በቀላሉ ማርሽ፣ የምትከተለው ጀርባ ሳይኖር፣ በራሷ ትንፋሽ ልክ መለማመድ ጀመረች። ኮረብታውን ሳትቆም ወጣችው። እንዲህ ቀላል ነበር እንዴ አለች። ከመጀመሪያው በራሷ ልክ ብትሄድ ኖሮ ጉልበቷ ጤነኛ ሆኖ ለሰኔ ይደርስ ነበር፤ ይህንንም ያኔ ነው ያወቀችው።

የጉዞው ቀን ማለዳ ባሕሩ እንደ ዘይት ረግቶ ነበር። ሞሬና ከሰው መሐል ሆና የቲዚያናን ብስክሌት በዓይኗ ፈለገች። አገኘችው። የመሪው ጨርቅ በአዲስ፣ በወፍራሙ ተጠቅልሏል። የቲዚያና ጥብጣብ ደረቷ ላይ ነው። ዓይን ለዓይን ተጋጩ፤ ቲዚያና ቀድማ ዓይኗን ሰበረች።

ፋጆላ ረጅም ነው። ከሥሩ የዋርካ ያህል የገዘፉ ዛፎች ጥላ አለ፣ ከዚያ ጥላው ያልቅና መንገዱ ድንጋይ ለድንጋይ ይጠማዘዛል። ሞሬና በቀስታ ወጣች። እናቷን አላሰበችም፤ ፔዳሉን ብቻ አሰበች። ብዙ ሰው አለፋት፣ እሷም ጥቂቱን አለፈች። የጸሎት ቤቷ ጣሪያ ሲታይ፣ አንድ መታጠፊያ ሲቀራት፣ ቀኝ ጉልበቷ ውስጥ አንድ ነገር እንደ ደረቅ እንጨት ቀጭ አለ። አንድ ጊዜ ገፋች። ሁለተኛ መግፋት አልቻለችም። እግሯ መሬት ነካ።

ከበስተኋላዋ ዘፈን ሰማች።

ቲዚያና አጠገቧ ስትደርስ ዘፈኑን አቆመች፤ እንደ ልማዱም ሳትወርድ፣ በቀስታ እየሄደች፣ እጇን ዘረጋች። በመንገዱ ዳር የቆሙት ሰዎች ያዩ ነበር። «ስጪኝ ሞሬ። እኔ አስርላታለሁ።»

ሞሬና ጥብጣቡን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ ጨበጠች። በዝቅታ፣ ለሷ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ «በማን እግር?» አለቻት።

ቲዚያና እጇን ሰበሰበች። አለፈች። መታጠፊያውን ስትዞር አልዘፈነችም።

ከዚያ ሌሎች መጡ። አንድ ወጣት እጁን ዘረጋ፣ አንዲት ከሌላ ከተማ የመጣች ሴት ዘረጋች፣ አንድ ሽበታም ሰው «ስጪኝ እህቴ» አለ። ሞሬና እያንዳንዳቸውን አየች፤ ከፊታቸው በፊት ብስክሌታቸውን አየች። ምናልባት ሁሉም እውነተኞች ነበሩ። ግን ያን ቀን የሁሉም ብስክሌት ከባድ መሰላት። ጥብጣቡን ለማንም ሳትሰጥ መኪና መጥቶ አወረዳት።

ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ሴቶች እንደ ድሮው ፊት ለፊት ቆመው ይጠቀልላሉ። ዱቄት አቀብዪኝ፣ ውሃው ፈላ ይባባላሉ። ከዚያ የሚያልፍ ጨዋታ የለም። የቲዚያና አባት ጥብጣብ አጥሩ ላይ ታስሮ ነፋስ ያወዛውዘዋል። የዲርቼ ግን ከፓስታ ቤቱ በር ጀርባ፣ ከሞሬና ሽርጥ ጋር ሚስማር ላይ ተንጠልጥሏል። ጉልበቷ ዳግመኛ ዳገት አይወጣም፤ ሐኪሙ በዚህኛው ጊዜ በምክር ሳይሆን በፍርድ ነው የነገራት።

እንግዲህ ከእናንተ መካከል በሰኔ ፋጆላን በገዛ እግሩ የሚወጣ ካለ፣ መንገዱ በሳን ዜኖ በኩል ነውና፣ እባካችሁ የፓስታ ቤቱን በር አንኳኩ። ጥብጣቡን ስጪን በሏት። ሞሬና ከመስጠቷ በፊት ወጥታ ብስክሌታችሁን በሁለት ጣቷ ብድግ ብታደርገው እንዳትቀየሟት። ዝም ብላችሁ ቁሙላት፤ ታንሳው።